የጋሽ ደምሴ ጳጉሜ

ስለ ጋሽ ደምሴ የምጽፈውን ሁሉ በእርግጠኝነት መጻፍ አልችልም። ባርኔጣቸው ቡናማ ነበር እላለሁ፤ ከፎቶ ቤታቸው ጎን ሱቅ ያለው ከድር ግን አረንጓዴ ነበር ብሎ ይምላል። መጀመሪያ ቤቴ የመጡት ቅዳሜ ይመስለኛል፤ እሑድም ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አየሁ ያለውን ነገር በጥርጣሬ እንድይዝ ለዓመታት ተምሬአለሁ፤ ያን ትምህርት በገዛ ራሴ ትዝታ ላይ እሠራበታለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

መሞታቸውን የነገረኝ ከድር ነው። የካቲት ውስጥ አንድ ቀን፣ ቂሊንጦ ከምሠራበት ፋብሪካ የሠራተኛ ሰርቪስ አቃቂ ዋናው መንገድ ላይ አወረደኝና እንደ ልማዴ ወደ ፎቶ ቤቱ ታጠፍኩ። ተዘግቷል። ከድር ከባንኮኒው ጀርባ አየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መነጽሬን አይቶ «ኢንጂነር መጣ!» ይል ነበር።

«ጋሼ አረፉ» አለኝ።

«መቼ?»

«ትናንት ቀበርናቸው። አንተን ፈልጌ ነበር እኮ። ስልክህ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ሆነብኝ።»

ከአንድ ዓመት በላይ በየሳምንቱ እየተመላለስኩ ካየኋቸው ሰው ቀብር የቀረሁት እንዲህ ነው። ዛሬ ፎቶ ቤቱ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። መስኮቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ቀን ከሌት ይሽከረከራል። እሳቸው ቢያዩት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ በአውራ ጣታቸው ይጋርዱት ነበር።

ይህ ልማዳቸው ነበር። በጨለማ አብረዋቸው ሲሄዱ የማይፈልጉት መብራት ከመጣባቸው ይቆማሉ፤ አውራ ጣታቸውን በመብራቱ ልክ ያቆሙና ከጣቱ በላይ ያለውን ሰማይ ያያሉ። «መብራቱን አልጣላውም» ይሉ ነበር፤ «እሱም ሥራ ላይ ነው።»

ኑሯቸው ከጉርድ ፎቶ ነበር። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለፋብሪካ ቅጥር የሚነሳ ሰው ሲመጣ አገጩን በሁለት ጣት ቀና ያደርጉና «ጥፋተኛ አትምሰል፤ ሥራ ነው የምትለምነው» ይሉታል። ሰውዬው ሲስቅ ያነሱታል፤ ከዚያ «አሁን ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ ኮስተር በል» ብለው ይደግሙታል። የሙሽራ ብጉር በኮምፒውተር ያጠፋሉ፤ የተመራቂ ኮሌታ ያቀናሉ። ይህ የቀን ሥራቸው ነው። ከምሽቱ ግን የሚያነሱት መሬትና ሰማይ ነበር፤ እሱን የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ የሚሸጡም አይመስለኝም።

ሰማይን የሚያነሱት በተለይ መብራት ሲጠፋ ነው። በአቃቂ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «ኤጭ!» ሲል እሳቸው ካሜራቸውን አንግተው ይወጣሉ። ከድር በሻማ ብርሃን ሒሳብ እየመለሰ ይጮህባቸዋል፦

«ጋሼ፣ መቼም እርስዎ ነዎት የሚያስጠፉት! አንድ ቀን ሰፈሩ ተሰብስቦ ይከስስዎታል።»

«ማቀዝቀዣህ ውስጥ ያለው ለስላሳ ይሙቅ እንጂ አይሞት። ሰማዩ ግን ያልፍብኛል።»

ከእኔ ጋር ያገናኘንም ይኸው የመብራት መጥፋት ነው። የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። በጥቅምት ወር፣ ብቻዬን መኖር በጀመርኩበት ዓመት፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ቀጭን፣ ጢማቸውን በጥንቃቄ የተላጩ ሽማግሌ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ቆመዋል።

«ይቅርታ ልጄ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከግራ ሦስተኛው መስኮት ያንተ ነው?»

«አዎ። ምን ሆነ ጋሼ?»

«ምንም አልሆነም። ይበራል።»

ገብተው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ፎቶግራፍ ነበር። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ካለችው ጉብታ ወደ ደቡብ የተነሳ ነው፤ ከታች የሰፈሩ ሕንፃዎች እንደ ጥቁር ሣጥን ተደርድረዋል፤ ከላይ ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቷል። በጥቁሮቹ ሣጥኖች መካከል አንዲት ነጭ አራት ማዕዘን ትታያለች። ከከዋክብቱ ሁሉ ትደምቃለች።

«መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው ያነሳሁት» አሉ። «ሰው ሁሉ ሻማ ለኩሷል፤ ሻማ ከዚያ ርቀት አይታየኝም። አንተ ብቻ ቀርተሃል።»

መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚበራ፣ ባትሪ ያለው አምፖል እንዳለኝ ነገርኳቸው።

«መጋረጃስ?»

«የለኝም።»

መጋረጃዎቹ ከባለቤቴ ጋር እንደሄዱ መናገር አልፈለግሁም። ቀና ብለው ባዶውን የመጋረጃ ዘንግ አዩት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መጋረጃ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

«በኮምፒውተር ማጥፋት አይቻልም?» አልኳቸው፣ እንደ መርዳት መስሎኝ።

ፊታቸው ተለወጠ። «ሙሽራ መሰለችህ?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ቃላቸውን ሳላዛባ ከያዝኩት፣ እንዲህ አሉ፦ «ሰው ፊቱን ላሳምርልህ ብለው ደስ ይለዋል፤ ይከፍለኛል። ሰማይ አልለመነኝም። ያልነበረውን አልጨምርበትም፤ የነበረውን አልፍቅበትም።»

ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ልመናቸውን ተናገሩ። ሁልጊዜ አጥፋ አላሉኝም። በጳጉሜ ብቻ፣ በአምስቱ ምሽቶች፣ አምፖሉ በማብሪያ ማጥፊያው እንዲጠፋላቸው ነበር የፈለጉት። ጳጉሜ ገና አሥር ወር ይቀራት ነበር። ሳቄን ዋጥኩና እሺ አልኳቸው።

የልመናቸው ምክንያት የገባኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤታቸው መሄድ ስጀምር ነው። ጋሽ ደምሴ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። በየወሩ ያነሷቸውን ፎቶዎች አሳትመው ከባንኮኒው መስታወት ሥር ይደረድራሉ። ደንበኛ መልስ ሲጠብቅ ያያቸዋል፤ ከድር እየመጣ አስተያየት ይሰጣል። ወሩ ሲያልቅ አንዷን ብቻ ያስቀራሉ። የሚያስቀሯት ያማረችውን አልነበረም። «ሳላስበው ደጋግሜ ያየኋት የትኛዋ ናት?» ይላሉ፤ እሷን ያስቀሯታል። ነሐሴ ሲያልቅ ከመስኮቱ ላይ ሙሽሮቹንና ተመራቂዎቹን ያወርዱና የዓመቱን አሥራ ሁለት ፎቶዎች ይሰቅላሉ። አሥራ ሦስተኛዋ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ትጨመራለች። ከድር እንደነገረኝ፣ አንድ ዓመት አንዲት እናት መጥተው «ልጄን ከነቬሎዋ የት አደረሷት?» ብለው ተቆጡ። ጋሽ ደምሴም «ዕረፍት ወጥታለች፤ ለመስከረም ትመለሳለች» አሏቸው።

ያለፉትን ዓመታት ፎቶዎች በሣጥን አስቀምጠዋል፤ አንዳንዱን አብረን አይተናል። በየሣጥኑ የመጨረሻዋ፣ የጳጉሜዋ፣ ደመና ናት። ግራጫ ደመና፣ ጥቁር ደመና፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ያለበት ደመና።

«አምስት ቀን ናት ያለችኝ፤ ያውም በክረምት መውጫ» ይሉ ነበር። «ደመናው ሲገለጥ መብራቱ ይኖራል፤ መብራቱ ሲጠፋ ዝናብ ይመጣል። አንድ ጊዜ እንኳ ሁለቱ አልተገናኙልኝም።»

በጳጉሜ መጀመሪያ ምሽት ላይ ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጭ የከዋክብት ጎዳና፣ በደቡብ በኩል እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይህን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ከጉብታዋ ላይ ያን ዓምድ በሕንፃዎቹ አናት ላይ እንደቆመ ማንሳት ይፈልጉ ነበር። እኔ የማውቀው ምኞታቸው ይህ ብቻ ነው።

ያን ዓመት ያስቀሯቸውን ፎቶዎች ሁሉንም አላስታውስም። የኅዳሯ ትዝ ትለኛለች፦ በኅዳር አሥራ ሁለት ቆሻሻ ሲቃጠል የዋለበት ጭስ ወንዙ ላይ ተኝቶ፣ ከጭሱ በላይ ከዋክብት። የሐምሌዋ ጉም ብቻ ናት፤ በጉሙ ውስጥ ወደ ኮዬ ፈጬ የሚሄድ ሚኒባስ የኋላ መብራት። የሚያዝያዋ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን አራት ከዋክብት የያዘችው ናት፤ ለእሷ ሲሉ በቂሊንጦ መንገድ ዳር ቆመው ሳለ አንድ ጥበቃ መጣባቸው። ታሪኩን ራሳቸው ነበሩ የሚያወሩት፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይለዋውጡታል።

«‹ምንድን ነው የሚያነሱት?› አለኝ። ሰማይ አልኩት። ‹ሰማይ ላይ ምን አለ?› አለኝ። ና እይ ብዬ በካሜራው አሳየሁት። ‹ይሄ እኛ ጋ ነው?› አለኝ። እኛ ጋ ነው አልኩት። ‹በየምሽቱ እዚህ ቆሜ አላየሁትም› አለና ... ወንበሩን አመጣልኝ።»

ወንበሩን በሁሉም ጊዜ አልጨመሩትም። ከድር ጥበቃው አባረራቸው ይላል።

ስለ እኔ ብዙ አይጠይቁም ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ ይዞን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን፣ «አምፖሉን ማታ ማታም አታጠፋውም አይደል?» አሉኝ። ከጉብታዋ ላይ ሁሌም ያዩት ነበር ማለት ነው። አላጠፋውም አልኩ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ እሳቸውም ለሦስት ዓመት ሬዲዮ ከፍተው ይተኙ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ወሬ ቀየሩ።

በሰኔ ወር ወደ ጉብታዋ በሚወስደው መንገድ ዳር ምሰሶዎች ቆሙ። ከድር ደስ ብሎታል። «በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም! ከአዲስ ዓመት በኋላ አምፖሉን ይገጥሙታል።» ጋሽ ደምሴን ሳያቸው ይቃወማሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ከፋብሪካ በምሽት ፈረቃ የሚመለሱት ሴቶች ይፈራሉ።» ትንሽ ቆይተው ግን የባንኮኒውን መስታወት በእጃቸው መዳፍ እየጠረጉ «እንግዲህ ዘንድሮ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ደረታቸው መታመም ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ዳገት ከልክሏቸዋል። ሐዋሳ የምትኖረው ልጃቸው ሰናይት በስልክ ስትቆጣቸው እሰማ ነበር፤ «እሺ፣ አልወጣም» ይሏታል፤ ስልኩን ሲዘጉ ወደ እኔ ያያሉ።

ጳጉሜ አንድ ዘነበ። ሁለትም ሦስትም ዘነበ። በየምሽቱ ከሥራ ስመለስ አምፖሉን አጠፋና በጨለማ እቀመጣለሁ፤ ሰማዩ ግን አልተከፈተም፤ ልተኛ ስል መልሼ አበራዋለሁ። በአራተኛው ቀን ከሌሊት ጀምሮ መብራት የለም። አምፖሌ ባትሪው አልቆ ራሱ ሞቷል። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ስልኬ ጮኸ።

«ምዕራቡ ተከፈተ» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኗል። «ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያውን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ና።»

ጃኬቴን ለበስኩ። ከመውጣቴ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫንኩ። ይህን አስታውሳለሁ፤ ጣቴ ላይ ቀጭ ያለው ስሜት አሁንም አለ። ጉብታዋ ግርጌ ስንገናኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሱ ነበር።

«መብራትህን አጠፋኸው?»

«አጥፍቻለሁ።»

አቀበቱን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። በየሃያ እርምጃው ይቆማሉ፤ መቆማቸውን ለመሸፋፈን አንድ ነገር ያሳዩኛል፤ «ያን የጤፍ ማሳ አየኸው? በሚቀጥለው ዓመት አይኖርም።» ላይ ደርሰን ካሜራውን እንደተከልን፣ ገና ሳይጨልም፣ ከታች የሰፈሩ ልጆች በአንድነት «መጣ!» ብለው ጮኹ። ሕንፃዎቹ ሁሉ በሩ።

ጋሽ ደምሴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ደመናው ከደቡብ ሙሉ በሙሉ ተነስቷል፤ ጨረቃ የለችም፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የጠበቁት ሰማይ እላያቸው ላይ ተዘርግቶ፣ ከታች የሺህ ቤት መብራት እያጠበው ነው። እንሂድ ልላቸው ነበር፤ ብርዱ ለደረታቸው አስፈራኝ። አፍሬ ተውኩት።

ወደ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ መብራቱ ድንገት ተመልሶ ጠፋ። ከታች «ኤጭ!» የሚል ድምፅ እስከ እኛ ድረስ ወጣ። ጋሽ ደምሴ «ተመስገን» አሉ። ተነሱ። ፍኖተ ሐሊብ ቆሞ ነበር። እንደ ዓምድ ነው ብዬ ከላይ ጽፌአለሁ፤ እሳቸው ያሉት ቃል ስለሆነ ነው እንጂ እኔ ሳየው የመሰለኝ ወደ ላይ የሚወጣ ጭስ ነው። ካሜራውን ወደ ሕንፃዎቹ አዞሩ፤ አጎንብሰው አዩ። ካጎነበሱበት ሳይነሱ ትንሽ ቆዩ።

ከዚያ ቀና ብለው ትከሻዬን ያዙና ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞሩት።

«ደመናው ከየረር በኩል ነው የሚመጣው። እሱን ጠብቅልኝ። እስክነግርህ ወደ ታች አትይ፤ ዓይንህ ጨለማውን ይልመድ።»

ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። የየረርን ተራራ ጥላ እያየሁ የካሜራውን መዝጊያ ድምፅ አዳመጥኩ፤ ይከፈታል፤ ረጅም ዝምታ፤ ይዘጋል። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ደመናው በእርግጥም ከየረር በኩል መጣ፤ ነገርኳቸው። «ይበቃል» አሉ። ዕቃችንን ሰብስበን ገና መውረድ ሳንጀምር መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ ሕንፃዬን ሳየው መስኮቶቹ ሁሉ የበሩ መሰለኝ፤ የእኔን ለይቼ አላየሁትም።

በዚያ ምሽት ቤቴ ስገባ መብራቱን እኔ አበራሁት ወይስ በርቶ አገኘሁት? ማስታወስ ያልቻልኩት ይህን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ያለው ሰው ደግሞ ጥሩ ምስክር አይደለም።

በማግሥቱ፣ በዋዜማው፣ አሥራ ሦስተኛዋ ተሰቀለች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። ከድር ሱቁን ትቶ ወጣ።

«ወላሂ ይሄ እኛ ጋ ነው?»

«እኛ ጋ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

በየፎቶው ግርጌ በእጅ የተጻፈ የወሩ ስም አለ፤ አውራ ጣት በምታህል ነጭ ወረቀት ላይ ጽፈው በቀኝ ጥግ ይለጥፏታል። የጳጉሜዋ ወረቀት ከሌሎቹ ወጣ ብላ፣ ሕንፃዎቹ ላይ ተለጥፋ ነበር። እሳቸውን የሚያህል ሰው ይህን መሳሳቱ ገረመኝና ነገርኳቸው። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር።

«እጄ ነው» አሉ። «ዋናው ሰማዩ ነው። አንተ ባታጠፋልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?»

በዚያ ዓመት ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ብሎኝ አያውቅም ነበር። በየደረስኩበት አወራሁት። ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ሰርቪስ ላይ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ ጳጉሜ አራት ላይ አንድ መብራት ማጥፋቴን እንደ ጀብዱ ተናገርኩ። ከመስከረም በኋላ በመንገዱ ዳር ያሉት ምሰሶዎች መብራት ተገጠመላቸው፤ ጋሽ ደምሴም ወደ ጉብታዋ አልወጡም። በባንኮኒው መስታወት ሥር የሚደረደሩት ፎቶዎች ከወር ወር እያነሱ ሄዱ። ጥር ላይ ባዶ ነበር።

ሰናይት ፎቶ ቤቱን ለማስረከብ ስትመጣ ከድር ስልኬን ሰጣት። የጳጉሜዋን ፎቶ ከነፍሬሟ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «አባዬ ‹ለአራተኛ ፎቁ ልጅ› ብሎ ነግሮኝ ነበር» አለች። «ስምህን ረስቶት ነው መሰለኝ።» ስሜን አልረሱም ነበር ብዬ ማሰብ እወዳለሁ፤ ይህንንም ማረጋገጥ አልችልም።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ጳጉሜ አራትን እንደ ማውቀው ልጽፈው ነበር። ከዚያ ግን ነገሮቹን በቅደም ተከተል ሳኖራቸው አንዱ አልገጥም አለኝ። ከቤት ስወጣ መብራት አልነበረም፤ አምፖሌም ባትሪው አልቆ ነበር። በዚያ ሁኔታ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫን ሰው ማብራቱን ወይም ማጥፋቱን በምን ያውቃል? ሌሊት አምፖሉ ሲሞት አስቀድሜ አጥፍቼው ከነበረስ፣ ስወጣ መልሼ አበራሁት ማለት አይደል? እኛ ጉብታዋ ላይ ተቀምጠን ሳለ መብራቱ መጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቷል፤ አምፖሉ ባትሪውን ሞልቶ፣ መብራቱ ዳግም ሲጠፋ በራሱ ለመብራት በቂ ጊዜ ነበረው።

ከድር የዚያን ዓመት የፎቶ ቤቱን መስኮት በስልኩ አንስቶት ኖሯል። ለምኜው አሳየኝ። አሥራ ሁለቱ ወረቀቶች በቀኝ ጥግ ናቸው፤ በእኩል ርቀት፣ በማይንቀጠቀጥ እጅ የተለጠፉ። የጳጉሜዋ ብቻ ናት ሕንፃዬ ላይ ያረፈችው።

ባለፈው እሑድ፣ በቀን ብርሃን፣ ፎቶውን ከግድግዳዬ አውርጄ ከፍሬሙ አወጣሁት። በለብ ያለ ውኃ የራሰ ጥጥ በነጯ ወረቀት ላይ አኑሬ ሙጫው እስኪለቅ ጠበቅሁ። ወረቀቷ ስትነሳ ከሥሯ ያለውን ቆጠርኩ፤ ከዚያ ፎቶውን ይዤ ወርጄ፣ በዚያው በጉብታዋ በኩል ሕንፃው ፊት ቆሜ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። አራተኛ ፎቅ፣ ከግራ ሦስተኛው መስኮት። ይበራል።